አሊሰን ሮማ ላይ ለምን ቁጭ አለ? የብራዚል በረኞች በውጪ ሀገር

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አሊሰን ቤከር ሮማ እንደገባ አንድ ዓመት ሙሉ በሊጉ አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ከሆነስ በዚያው ጊዜ እንዴት የብራዚል ቁጥር አንድ ሆኖ ቆየ? ድሮ ብራዚል በረኛ የላትም ይባል ነበር፤ አሁን ትልልቅ ክለቦች ከዚያ የሚወስዱት ምን አግኝተው ነው? ደግሞስ ከአሊሰንና ከኤደርሰን ማን ይበልጣል?»

አዎ፣ እውነት ነው። አሊሰን ከብራዚሉ ኢንተርናሲዮናል ወደ ሮማ የሄደው በ2016 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ2016-17 የውድድር ዘመን በጣሊያኑ ሊግ በሴሪ አ ለአንድ ደቂቃ እንኳን ሜዳ አልገባም። የሊጉ በረኛ ከአርሰናል በውሰት የመጣው ፖላንዳዊው ሼዝኒ ነበር። ለአሊሰን የቀረለት በአብዛኛው ዩሮፓ ሊግና የጣሊያን ዋንጫ ነው። ዓመቱን ሙሉ ተደምሮ 15 ጨዋታ።

ግን ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራ ቋሚ ነበር። በ2015 የብራዚል አሰልጣኝ የነበረው ዱንጋ አስጀመረው። በ2016 ቲቴ ሲረከብም ቦታውን አልነካበትም። ብራዚል መጋቢት 2017 ላይ ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ ማለፏን ስታረጋግጥ ግቡ ላይ የቆመው በክለቡ ሁለተኛ በረኛ የነበረው አሊሰን ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ስህተት ያየው ነበር። በክለቡ የማይጫወት እንዴት ለሀገር ይሰለፋል የሚለው ክርክር ለአጥቂ ቢሆን እኔም እስማማለሁ። ለበረኛ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው።

ሥራዬ በረኞችን ማሰልጠን ስለሆነ ይህቺን ነገር ትንሽ ላብራራት። በረኛ ሳይጫወት ሲቆይ መጀመሪያ የሚበላሽበት የእጁ ፍጥነት አይደለም። እሱን በየቀኑ ልምምድ ላይ ማቆየት ይቻላል። የሚበላሽበት «ልውጣ ወይስ ልቅር» የሚለው ውሳኔ ነው። ከክንፍ የተሻገረች ኳስ ላይ ግማሽ ሰከንድ ያመነታል። ከተከላካዮቹ ጀርባ በተወረወረ ኳስ ላይ ሁለት እርምጃ ዘግይቶ ይወጣል። ልምምድ ላይ ይህን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ማስመሰል አይቻልም፤ ሲሳሳት የሚከፍለው ነገር የለማ። ስለዚህ ወንበር ላይ ያለ በረኛ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው አልፎ አልፎም ቢሆን እውነተኛ ጨዋታ ነው። ሁለተኛው አጠገቡ ሆኖ የሚሠራው ጥሩ የበረኞች አሰልጣኝ ነው። አሊሰን ሁለቱንም አግኝቷል። ሮማ ላይ ማርኮ ሳቮራኒ ነበረ። ብራዚል ላይ ደግሞ ክላውዲዮ ታፋሬል።

ታፋሬልን ካላወቅን የአሊሰን ታሪክ ግማሹ አይገባንም።

እሱም እንደ አሊሰን ከደቡባዊቷ ሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ግዛት ነው። እሱም የኢንተርናሲዮናል ልጅ ነው። በ1990 ወደ ፓርማ ሄደ። ፓርማ ያን ጊዜ ገና ወደ ሴሪ አ ያደገ ትንሽ ክለብ ነበር፤ ከጀርባው ግን የወተት ኩባንያው ፓርማላት ነበረ። የጣሊያን ክለቦች በዚያ ዘመን ከብራዚል የሚያመጡት አጥቂና አማካይ ነው። በረኛማ ሞልቷቸዋል። ዜንጋ አለ፣ ታኮኒ አለ፣ ፓሊዩካ እየመጣ ነው። ከብራዚል በረኛ ማምጣት ለብዙው ሰው ትርጉም አልነበረውም። ታፋሬል ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በቋሚነት ተጫወተ። በ1992 ከፓርማ ጋር የጣሊያን ዋንጫን አነሳ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የመጣውም ከደንቡ ነው። አንድ የጣሊያን ክለብ በአንድ ጨዋታ ከሦስት በላይ የውጪ ዜጋ ማሰለፍ አይችልም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ተጫዋቾችን ከዚህ ገደብ ያወጣው የቦስማን ውሳኔ የመጣው በ1995 ነው። ከዚያ በፊት ስዊድናዊም ቤልጄማዊም «የውጪ» ነው። ፓርማ ስዊድናዊው ቶማስ ብሮሊንና ቤልጄማዊው ዦርዥ ግሩን ነበሩት። በ1992 ኮሎምቢያዊው ፋውስቲኖ አስፕሪላ ሲመጣ ቦታው ሞላ። አሰልጣኝ ስትሆን ምን ታደርጋለህ? ጎል የሚያገባልህን አስፕሪላን አስቀምጠህ በረኛ ታሰልፋለህ? ጣሊያናዊው ማርኮ ባሎታ አለ፤ እሱ ከኮታው አይቆጠርም። ፓርማ በ1993 ዌምብሌይ ላይ አንትወርፕን 3 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ሲወስድ ግቡ ላይ ባሎታ ነበር። የብራዚል ቁጥር አንድ ዳር ሆኖ ተመለከተ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሌላ መከራ መጣበት። ብራዚል ላፓዝ ላይ ከቦሊቪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ትጫወታለች። ታፋሬል ፍፁም ቅጣት ምት አዳነ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ግን ኤቼቬሪ ከጥግ የላካት ኳስ አመለጠችውና መረቡ ውስጥ ገባች። ሊይዛት የሚገባ ኳስ ነበረች። ብራዚል 2 ለ 0 ተሸነፈች። በማጣሪያ ታሪኳ የመጀመሪያ ሽንፈቷ ነው። አስበው እንግዲህ፤ በክለቡ በኮታ ወደ ዳር የተገፋ በረኛ፣ በሀገሩ ታሪካዊ ሽንፈት ላይ የተሳሳተ በረኛ። አሰልጣኙ ፓሬራ ግን አላወጣውም። ታፋሬልም ለመጫወት ሲል ወደ ታናሹ ክለብ ወደ ሬጂያና ወረደ። እዚያ ሥራው ከመውረድ መትረፍ ነበር፤ በመጨረሻው ቀን ሚላንን በሜዳው 1 ለ 0 አሸንፈው ተረፉ።

ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ ሐምሌ 17 ቀን 1994፣ ፓሳዴና ላይ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ከጣሊያን ጋር ለመለያ ምት ቆመ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ባጂዮ ወደ ሰማይ የሰደዳትን ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ ለሠልጣኞቼ የማሳየው ከዚያ በፊት ያለችውን የማሳሮን ምት ነው። ታፋሬል ቀድሞ አልወደቀም። መቺው እግሩን እስኪሰድድ ጠብቆ ሄደና ኳሷን አዳናት። ባጂዮ ሲመጣ ካላገባ ሁሉ ነገር የሚያልቅ ያደረገው ያ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ማርሴይ ላይ ከሆላንድ ጋር በተደረገው ግማሽ ፍጻሜም የኮኩንና የሮናልድ ዴ ቡርን ምት አዳነ።

የውጪ ሕይወቱ ከሁሉ የደመቀው ደግሞ በ32 ዓመቱ በሄደባት ቱርክ ነው። በ2000 ጋላታሳራይ ከአርሰናል ጋር ኮፐንሃገን ላይ ለዩኤፋ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። በተጨማሪው ሰዓት ሃጂ በቀይ ወጥቶ ቡድኑ በ10 ሰው ቀርቷል። ቲየሪ ሄንሪ ከቅርብ ርቀት በግንባሩ ገጨ። ታፋሬል አዳናት። ከዚያ በመለያ ምት ጋላታሳራይ 4 ለ 1 አሸነፈና የቱርክ እግር ኳስ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ አገኘ።

እንግዲህ በ2016 ከአሊሰን አጠገብ ቆሞ የሚያሠራው ይህ ሰው ነው። «ልጁ በክለቡ አይጫወትም» ሲባል የሚደነግጥ አይደለም። እሱ ራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከዚያ ወርዶ፣ ከዚያ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። በኔ እምነት የብራዚል አሰልጣኞች በዚያ ዓመት አሊሰንን ያልጣሉት በዚህ ምክንያትም ጭምር ነው።

ወደ «ብራዚል በረኛ የላትም» ልለፍ። ይህ አባባል እውነትም ውሸትም አለበት። ውሸቱ፣ ድሮም ጥሩ በረኞች ነበሯት። ጂልማር ሁለት የዓለም ዋንጫ በተከታታይ አንስቷል። ማንጋ የሚባለው ደግሞ የውጪውን መንገድ ቀድሞ የሄደ ነው፤ በኡራጓዩ ናሲዮናል በ1971 የኮፓ ሊቤርታዶሬስን ዋንጫ አንስቷል፤ በኋላም በኢኳዶር ተጫውቷል። ጣቶቹ ከመሰባበር ብዛት ጠማማ ነበሩ። ብራዚል ውስጥ ሚያዝያ 26 የበረኞች ቀን ተብሎ የሚከበረው የማንጋ ልደት ስለሆነ ነው።

እውነቱ ደግሞ ባርቦሳ ነው። በ1950 ማራካና ላይ ኡራጓይ ብራዚልን 2 ለ 1 ስታሸንፍ የጊጂያ ኳስ በአጠገቡ ባለው የግቡ ቋሚ በኩል ገባችበት። ሞዋሲር ባርቦሳ በ2000 እስኪሞት ድረስ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በዚያች አንድ ጎል ተወቀሰ። በጣም ያሳዝነኛል። ጥሩ በረኛ ነበር። በዚያ ሀገር «በረኛ የቆመበት ሳር አይበቅልም» የሚል አባባልም አለ። እንዲህ በሚባልበት ቦታ ኳስ የሚችል ልጅ ወደ ግብ መሄድ እንዴት ይወዳል? የአውሮፓ ክለብም ብራዚል ሲሄድ በረኛ ፈልጎ አይሄድም ነበር።

ይህን የቀየረው ቀስ ብሎ የተሠራ ሥራ ነው። ብራዚል ውስጥ የበረኞች አሰልጣኝነት ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው ከብዙ ሀገር ቀድሞ ነው። የፓልሜራስ በረኛ የነበረው ቫልዲር ዴ ሞራይስ ጓንቱን ከሰቀለ በኋላ የጀመረው ሥራ ነው። ዛሬ የብራዚል ክለብ ልጆችን ለብቻ የሚያሠራ የበረኛ አሰልጣኝ ከታች ጀምሮ አለው። በኛ ሀገር ብዙ ቦታ በረኛው ዳር ላይ ከተቀያሪ ጋር ኳስ ሲቀባበል ይቆይና ለግጥሚያው ጊዜ ይጠራል። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

ግን ሥልጠናው ብቻ በሩን አልከፈተም። ዲዳን እንይ። ከባሂያ የመጣው ረጅሙ ዲዳ በ2000 ሚላን ውስጥ ነበር። በዚያ ዓመት ሊድስ ላይ ዝናብ እየወረደ ቦውየር ከሩቅ የመታትን ኳስ ጥሎ አስገባ፤ ሚላን 1 ለ 0 ተሸነፈ። ብራዚላዊ በረኛ እንዲህ ነው ተባለ። ቀጥሎ የሐሰተኛ የፖርቱጋል ፓስፖርት ጉዳይ መጣበት። ጣሊያን ውስጥ ያን ጊዜ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ለሆነ ተጫዋች ያለው ቦታ የተቆጠረ ስለነበር ብዙ ደቡብ አሜሪካውያን በዚህ ጉዳይ ተቀጥተዋል። እሱም ታግዶ ወደ ኮሪንቲያንስ በውሰት ተመለሰ። በ2002 ሲመለስ አሁንም ከአቢያቲ ቀጥሎ ነው። አቢያቲ በቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ ላይ ተጎዳ፤ ዲዳ ገባ። በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ኦልድ ትራፎርድ ላይ በቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ከጁቬንቱስ ጋር በመለያ ምት የትሬዝጌን፣ የዛላዬታንና የሞንቴሮን ሦስት ምት አዳነ። ከመስመሩ ቀድሞ ወጥቷል የሚሉ አሉ። ቪዲዮውን ለሚያየው ሰው እውነት ነው፤ በሌላው ግብ ያለው ቡፎንም እንደዚያው ነበር።

ልብ በል፤ ዲዳ የገባው ሌላው ስለተጎዳ ነው። በረኝነት እንዲህ ነው። አጥቂ በ70ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገብቶ ራሱን ያሳያል። ክንፍ ላይ ካልሆነ መሐል ይሞከራል። በረኛ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ያ ሰው ካልወደቀ አይለቀቅም። የኤደርሰንም ታሪክ ይኸው ነው። ከኦሳስኮ የመጣውን ልጅ የሳኦ ፓውሎ ክለብ አላቆየውም። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ቤንፊካ ወሰደው። ከዚያ ሪቤራኦ፣ ከዚያ ሪዮ አቬ፤ ትንንሽ የፖርቱጋል ክለቦች ናቸው። በ2015 ወደ ቤንፊካ ሲመለስ ፊቱ የተደቀነው ጁሊዮ ሴዛር ነበር፤ በ2010 ከኢንተር ጋር ሊጉን፣ የጣሊያን ዋንጫንና ቻምፒየንስ ሊግን ያነሳው፣ በ2014 ብራዚል በጀርመን 7 ለ 1 በተሸነፈችበት ምሽት ግቡ ላይ የነበረው። መጋቢት 2016 ላይ ጁሊዮ ሴዛር ተጎዳ። ኤደርሰን ከስፖርቲንግ ጋር በነበረው ደርቢ ገባ፤ 1 ለ 0 አሸነፉ። ከዚያ በኋላ ቦታው ለጁሊዮ ሴዛር አልተመለሰም። በ2017 ማንቸስተር ሲቲ ወሰደው።

የፖርቱጋል መንገድ ለብራዚላዊ በረኛ ጥቅሙ ብዙ ነው። ከሁሉ በላይ ቋንቋው። በረኛ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የሚጮህ ሰው ነው። «ሰው አለብህ»፣ «ተወው የኔ ነው»፣ «መስመሩን አውጡ» ሳይል ጨዋታ የለም። ጣሊያንኛ በማታውቅበት ወር ተከላካይህን ማዘዝ አትችልም። አሊሰን ሮማ ላይ ያሳለፈው የመጀመሪያ ዓመት ቢያንስ ለዚህ ጠቅሞታል ብዬ አምናለሁ። ሄልተን ከሌሪያ ተነስቶ ፖርቶ ላይ ዓመታት የቆየው በዚሁ መንገድ ነው።

ሌላው ምክንያት እግር ነው። ጓርዲዮላ ሲቲ ላይ ኤደርሰንን የፈለገው ኳስ ከማዳኑ ባልተናነሰ ለቅብብሉ ነው። በግራ እግሩ ኳሷን ከሳጥኑ ተነስቶ የተጋጣሚ ተከላካዮች ጀርባ ያስቀምጣታል። በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ ብዙ ጎል አመቻችቶ በማቀበል አንደኛው በረኛ እሱ ነው። ከ2019 ወዲህ የመልስ ምት ደንቡ ተቀይሮ ተከላካይ ሳጥን ውስጥ መቀበል ሲፈቀድለት ደግሞ የዚህ ዓይነት በረኛ ዋጋ የበለጠ ጨመረ። ዋጋም ያስከፍላል። አሊሰን ሊቨርፑል በገባ ሰሞን፣ መስከረም 2018፣ ሌስተር ላይ ኢሄናቾን በእግሩ ሊያልፍ ሲሞክር ተነጠቀ፤ ጌዛል አገባ። ሊቨርፑል 2 ለ 1 አሸንፎ ወጣ። አሰልጣኙ ክሎፕ ግን ልጁን ኳስ አትንካ አላለውም። እኔም ብሆን አልለውም። የበረኛን አንድ ስህተት ቆርጦ ልማዱን ሁሉ መከልከል ያንን በረኛ ያበላሸዋል።

ወደ አሊሰን ልመለስ። በ2017 ሼዝኒ ወደ ጁቬንቱስ ሄደ፤ ቦታው ክፍት ሆነ። የመጣው የውድድር ዘመን በቻምፒየንስ ሊግ ሮማ በሜዳው ከአትሌቲኮ፣ ከቼልሲ፣ ከካራባግ፣ ከሻክታርና ከባርሴሎና ተጫውቶ በአምስቱም መረቡን አላስደፈረም። ባርሴሎናን 3 ለ 0 አሸንፎ ከ4 ለ 1 ሽንፈት ተነስቶ ያለፈበት ምሽት ከነዚህ አንዱ ነው። ወንበር ላይ ያለፈው ዓመት አላጠፋውም ማለት ነው። ሊቨርፑል ኪየቭ ላይ በረኛው ካሪዩስ በተሳሳተባት የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ተጎድቶ ነበር፤ በ2018 ክረምት አሊሰንን ወሰደ። ያን ጊዜ በበረኛ ዝውውር ታሪክ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ሳምንታት ሳይቆይ ቼልሲ በረኛውን ኬፓን ሲገዛ ሰበረው።

ታኅሣሥ 2018 አንፊልድ ላይ ከናፖሊ ጋር ያደረገውን ደግሞ ቀስ ብለህ ተመልከተው። ሊቨርፑል 1 ለ 0 እየመራ ነው፤ አንድ ጎል ቢገባበት ከምድቡ ሳያልፍ ይቀራል። በጭማሪ ደቂቃ ኳሷ ሚሊክ እግር ላይ ደረሰች፤ ከግቡ ጥቂት ሜትር ነው። አሊሰን አልዘለለም፤ ቀድሞም አልወደቀም። ሁለት አጭር እርምጃ ወደፊት ወጣ፣ ሰውነቱን አሰፋ፣ ሚሊክ የሚያየውን ግብ አጠበበበት። ኳሷ ሰውነቱን መታችና ቀረች። በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ሊቨርፑል ማድሪድ ላይ የቻምፒየንስ ሊግን ዋንጫ አነሳ፤ አሊሰን በፍጻሜው ስምንት ኳስ አዳነ።

የካቲት 2021 ላይ አባቱ ብራዚል ውስጥ በውሃ ሰጥመው አረፉ። በኮቪድ የጉዞ ገደብ ምክንያት ለቀብራቸው አልደረሰም። ግንቦት 16 ቀን ከዌስት ብሮም ጋር 1 ለ 1 ሆኖ 95ኛው ደቂቃ ደረሰ፤ ሊቨርፑል ለቻምፒየንስ ሊግ ቦታ ማሸነፍ አለበት። አሊሰን ለማዕዘን ምት ወደ ፊት ወጣ። አሌክሳንደር-አርኖልድ አሻማ፣ እሱ በግንባሩ ገጭቶ አገባ። በፕሪሚየር ሊግ በግንባሩ ያገባ የመጀመሪያው በረኛ ነው፤ በሊቨርፑል ታሪክም ጎል ያገባ የመጀመሪያው በረኛ። ከጨዋታው በኋላ ስለ አባቱ ሲናገር እያለቀሰ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ታፋሬል ራሱ ወደ ሊቨርፑል መጥቶ የበረኞቹ አሰልጣኞች ቡድን ውስጥ ገባ።

ማን ይበልጣል ላልከው፣ ለኔ አሊሰን ነው። ቡድንህ ኳስ ይዞ የሚውል ከሆነና ተጋጣሚ ሳጥንህ ድረስ መጥቶ የሚጫንህ ከሆነ ኤደርሰንን ብትመርጥ አልከራከርህም፤ በስድስት የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያሳየው ነገር ነው። አንድ ለአንድ ሲገናኝ ግን አሊሰን እግሩ ላይ የሚቆይበት ትዕግሥት አለው፤ ይህ ደግሞ ቡድኑ በሚጨነቅበት ቀን የሚያስፈልግ ነገር ነው። ብራዚልም ያየችው እንዲሁ ነው። ሁለቱም በ2018 እና በ2022 የዓለም ዋንጫ ስብስብ ውስጥ ነበሩ፤ ኤደርሰን የተሰለፈው ካታር ላይ ብራዚል ማለፏን ካረጋገጠች በኋላ ከካሜሩን ጋር ባደረገችው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው።